ተቆርጦ የሚመለስ እባጭ፦ የፈረስ ሳርኮይድን ለመቋቋም ዝርዝር መመሪያ

ፈረሳችሁ ጭኑ ውስጥ እባጭ ወጣበት። አስቆረጣችሁት። ቁስሉ ደረቀ፣ ፀጉር መለሰ፣ እናንተም ተገላገልን አላችሁ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ጠባሳው ጠርዝ ላይ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር እጃችሁን ነካች። ድጋሚ ስትቆረጥ ደግሞ ሁለት ሆና መጣች።

ይህ የእናንተም ታሪክ ከሆነ ፈረሱን የያዘው ሳርኮይድ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሳርኮይድ ፈረስ ላይ ከሚወጡ የቆዳ ዕጢዎች ሁሉ በዓለም ላይ በብዛት የሚታየው ነው። አህያና በቅሎንም አይምርም። መመለስ ደግሞ ጠባዩ ነው።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሳርኮይድን ለማጥፋት ትልቁ ዕድል ያለው የመጀመሪያው ሕክምና ላይ ነው። ተጀምሮ በግማሽ የቀረ ሕክምና ጭራሽ ካለመነካት ይከፋል፤ የተረፈው ከበፊቱ በባሰ ፍጥነት ይነሳል። ስለዚህ ሳታውቁ አትነካኩት። ከነካችሁ ግን እስከ መጨረሻው ሂዱ።

መጀመሪያ ጠላትን ማወቅ

በሽታውን ለይቶ የጻፈውና ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1936 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጃክሰን የተባለ ተመራማሪ ነው። መንስኤው ከከብት ጋር የተያያዘ መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከብት ላይ ኪንታሮት የሚያወጣው ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በተለይ አንደኛውና ሁለተኛው ዓይነት፣ ፈረስ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ሴሎቹን ያለ ልክ ያባዛቸዋል። ላሟ ላይ የወጣው ኪንታሮት ብዙውን ጊዜ ጊዜውን ጠብቆ ይረግፋል። ፈረሱ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

ቫይረሱ ያገኘው ፈረስ ሁሉ አይታመምም። ዘር ሚና አለው፤ አንዳንዱ ፈረስ በተፈጥሮው ተጋላጭ ነው። ብዙዎቹ ምልክቱን የሚያሳዩት ገና በወጣትነታቸው፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ «ምን አጉድዬበት ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን አትክሰሱ። በመኖ ጉድለት ወይም በቆሻሻ ጋጣ ብቻ የሚመጣ በሽታ አይደለም።

የሚያጽናናው ነገር ሳርኮይድ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጉበት ተሰራጭቶ የሚገድል ካንሰር አለመሆኑ ነው። የሚያስቸግረው ደግሞ እንደ ሰርዶ መሆኑ ነው። ከላይ የምታዩት ጥቂቱን ነው፤ ሥሩ ጤነኛ በሚመስለው ቆዳ ስር ብዙ ርቆ ይሄዳል። ሐኪሙ «አወጣሁት» ካለ በኋላ የሚመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሳርኮይድ መሆኑን መለየት

እባጭ ሁሉ ሳርኮይድ አይደለም። ሕክምናቸው ስለሚለያይ እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም።

አገራችን ውስጥ በተለይ የጋሪ ፈረስ ላይ በብዛት ከሳርኮይድ ጋር የሚምታታው ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የሚባለው በፈንገስ የሚመጣ በሽታ ነው። እባጮቹ እንደ መቁጠሪያ በመስመር ይደረደራሉ። ብዙ ጊዜ እግር፣ ደረት ወይም አንገት ላይ ይወጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ መግል ያወጣሉ። ይህ በሽታ በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይተላለፋል። ተደርድረው መግል የሚያወጡ እባጮች ካያችሁ ፈረሱን ለይታችሁ ሐኪም ጥሩ። ኮርቻውንና ልጓሙን ለሌላ ፈረስ አታውሱ።

ሁለተኛው የቁስል ሥጋ ነው። ከጉልበት በታች የቆሰለ እግር ላይ ሮዝ መልክ ያለው፣ ቶሎ የሚደማ፣ ከቆዳው በላይ የሚያብጥ ሥጋ ይበቅላል። ጣጣው ሳርኮይድም ቁስል ላይ መውጣት መውደዱ ነው። በዓይን መለየት ከባድ ነው። አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ላይ ይገኛሉ። ለወራት አልድን ያለ ቁስል ካለ ሳርኮይድን ጠርጥሩ።

ፈረሳችሁ ወጣት ሳለ ጥቁር ወይም ዳማ ሆኖ እያደር የነጣ ከሆነ፣ እባጩም ጥቁርና ጠጣር ሆኖ ጅራቱ ስር፣ ፊንጢጣው ዙሪያ ወይም ከንፈሩ ላይ ከወጣ፣ ያ ሜላኖማ ሊሆን ይችላል። ፀጉርን የሚያነጣው የዘረመል ለውጥ ራሱ ለሜላኖማ እንደሚያጋልጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ሆኗል። ዕድሜያቸው ከ15 በላይ የሆነ የዚህ ዓይነት ፈረሶች አብዛኞቹ ይወጣባቸዋል። ብዙዎቹ ለዓመታት ሳይጎዳቸው አብረውት ይኖራሉ።

ነጣ ያለ ቆዳ ባለበት በዓይን ቆብ ወይም በብልት ላይ የሚወጣ፣ የሚቆስልና የሚሸት ነገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው እውነተኛ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ቀን አትቁጠሩበት።

በመጨረሻ፣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ግልገል ፈረስ አፍንጫና ከንፈር ላይ የሚረጩ ትንንሽ ኪንታሮቶች አሉ። እነሱን ተዉአቸው። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ በራሳቸው ይጠፋሉ። መድኃኒት የቀባ ሰው ካለ ግን ምስጋናውን ሁሉ እሱ ይወስዳል።

የሳርኮይድ መልኮች

ሐኪሞች ስድስት መልክ ይሰጡታል። ጠፍጣፋው ፀጉር የረገፈበት፣ ሻካራ፣ ክብ ቦታ ሆኖ ጭርት ይመስላል። ኪንታሮት መሰሉ ደረቅና ቅርፊታም ነው። ጉብታው ከቆዳ ስር እንደ ጠጠር ይዳሰሳል። ሥጋ መሰሉ ቀይ፣ የሚደማና የሚቆስል ነው፤ ቶሎ የሚያድገውም እሱ ነው። አምስተኛው የእነዚህ ድብልቅ ነው። ስድስተኛውና እጅግ አልፎ አልፎ የሚታየው በቆዳ ስር በመስመር እየተጓዘ የሚሰራጨው ክፉው ዓይነት ነው።

መልኩን ማወቅ የሚጠቅመው ጠፍጣፋ ወይም ኪንታሮት መሰል የነበረው ሲቆስል፣ ሲቧጠጥ ወይም በግማሽ ሲታከም ወደ ሥጋ መሰሉ ስለሚለወጥ ነው። ደረቅ የነበረው መድማት ከጀመረ ምልክቱ እሱ ነው።

የሚወድዳቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ዓይን ዙሪያ፣ ጆሮ፣ የከንፈር ጥግ፣ ደረት፣ ብብት፣ ሆድ ስር፣ ጭን ውስጥና ብልት አካባቢ። ቆዳው ስስ፣ ፀጉሩ ሳሳ ያለ፣ ላብ የሚበዛበትና ዝንብ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ካርታ ሥሩለት

ሐኪም ከመጥራታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ወጪ የለውም፤ ከማንኛውም መድኃኒት የማይተናነስ ጥቅም አለው።

አንድ ወረቀት ላይ የፈረሱን ግራና ቀኝ ጎን ንድፍ ሣሉ። ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም። ከዚያ ፈረሱን በቀን ብርሃን አቁማችሁ ከጆሮው እስከ ኮቴው በእጃችሁ ዳስሱት። ዓይን የማያየውን ጣት ያገኘዋል። ጭኑን ውስጥና ብብቱን አትዝለሉ። ያገኛችሁትን ሁሉ በቁጥር ምልክት አድርጉ።

እያንዳንዱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ ያዙና አንሱት፤ ሳንቲሙ መጠኑን ያሳያል። ከሩቅ አንድ፣ ከቅርብ አንድ ይበቃል። ከፎቶው ጋር መልኩን፣ መድማት አለመድማቱን፣ ዕቃ የሚነካው ቦታ መሆን አለመሆኑን ጻፉ።

ይህን በየወሩ ድገሙት። ቀኑ እንዳይጠፋችሁ ከምታውቁት ነገር ጋር አያይዙት፤ ለምሳሌ ወር በገባ በ21 በማርያም ዕለት። ትዝታ ያታልላል። አንድ ሰው «በጣም አድጓል» ሲል ሌላው «ኧረ እንደ ድሮው ነው» ይላል። ፎቶ ግን ክርክሩን ይዘጋል። ሐኪሙም ያለፈውን አይቶ መወሰን ይችላል።

በቤት ውስጥ የማይደረጉ

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር።

በጋለ ብረት መተኮስ ይቅር። ከላይ ያለውን ያቃጥላል፣ ከስር ያለውን ያነቃዋል። ፈረሱም በሥቃይ ላይ ሥቃይ ይጨመርበታል። በምላጭ መቁረጥም እንዲሁ። የባትሪ አሲድ መቀባት ጭካኔ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በጅራት ፀጉር ወይም በክር ማሰርስ? ይህ የብዙ አያቶች ዘዴ ነው። አንገቱ ቀጭን ሆኖ የተንጠለጠለ እባጭ ላይ ሐኪሞችም ጠበቅ ያለ ላስቲክ የሚጠቀሙበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ ሐኪሙ ሥሩ የት እንደሚያልቅ ዳስሶ ማወቁና ለተረፈው ሌላ ሕክምና ማዘጋጀቱ ነው። ሰፊ መሠረት ያለውን ማሰር ግን ግማሹን ቆርጦ ግማሹን ማስቆጣት ነው።

የጥርስ ሳሙና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድና መሰል ነገሮች ከየአቅጣጫው ይመከራሉ። ጠፍጣፋ ሳርኮይድ አንዳንዴ በራሱ ስለሚጠፋ በዚያው ሰሞን የተቀባው ነገር ሁሉ ፈዋሽ ይባላል። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡ የሚያቃጥሉ ክሬሞች ደግሞ ጤነኛውን ቆዳ ከታመመው አይለዩም። ዓይን አጠገብ ከተቀቡ ዓይን ያጠፋሉ። ቡዳ ነው የሚልም አይጠፋም። ጸበሉን ርጩት፣ ሐኪሙንም ጥሩ።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ መጀመሪያ የወረዳችሁን የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ። ከበድ ላለ ነገር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኮሌጅ ቢሾፍቱ ይገኛል፤ ጎንደርም አለ። ስፓና፣ ብሩክና ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የመሳሰሉ ድርጅቶችም ለሥራ እንስሳት ጤና በአገሪቱ ውስጥ ሲሠሩ ቆይተዋል። አካባቢያችሁ ላይ አገልግሎት ካለ ጠይቁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ናሙና ይወሰድ ወይስ አይወሰድ የሚለው ነው። ለሌላ በሽታ ናሙና መውሰድ ጥሩ ልማድ ነው። ሳርኮይድ ላይ ግን ተኝቶ የነበረውን እባጭ በመርፌ ወይም በቢላ መነካካት ሊያስነሳው ይችላል። ልምድ ያለው ሐኪም ብዙ ጊዜ በማየትና በመዳሰስ ይለየዋል። ጥርጣሬ ካለና ናሙና የግድ ከሆነ ሕክምናው ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅ። የሚሻለው ሙሉውን አውጥቶ እሱኑ ለምርመራ መላክ ነው።

ከዚያ ምርጫው ይመጣል። አንድ ለሁሉም የሚሆን መድኃኒት የለም። ቦታው፣ መልኩ፣ መጠኑና ኪሳችሁ ይወስናሉ።

*ጠብቆ ማየት።* ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ የማይለወጥ፣ ዕቃ የማይነካው ከሆነ ለጊዜው መተው ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። በተለይ በወጣት ፈረስ። ዓይን ቆብ፣ መገጣጠሚያ ወይም የኮርቻ መታጠቂያ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን አትጠብቁ። ሲያድግ የሚታከምበት መንገድ ይጠብባል።

*ቀዶ ሕክምና።* ብቻውን ሲሠራ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ በአንዳንድ ጥናቶች ከግማሽ በላይ። ውጤቱን የሚያሻሽለው ዙሪያውን ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ፣ ቢቻል ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር፣ ማንሳት ነው። ሐኪሙ ዕጢው ላይ የተጠቀመበትን ጓንትና ቢላ ቁስሉን ለመዝጋት ሲደርስ መቀየሩም ወሳኝ ነው፤ የዕጢው ሴሎች ወደ ንጹሑ ቁስል እንዳይዘሩ። ሌዘር ባለበት አገር ሌዘር ይመረጣል።

*ማቀዝቀዝ።* በፈሳሽ ናይትሮጅን ሥጋው ከዜሮ በታች 20 እስከ 25 ዲግሪ እስኪደርስ በፍጥነት ይበርዳል፣ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፣ ድጋሚ ይበርዳል። ለትንንሾች ጥሩ ነው። ትልቁ ከተቆረጠ በኋላ መሠረቱ ላይም ይጨመራል። በኋላ የሚበቅለው ፀጉር ነጭ ሊሆን ይችላል።

*ዕጢው ውስጥ የሚወጋ መድኃኒት።* ሲስፕላቲንና ፍሎሮዩራሲል የሰው ካንሰር መድኃኒቶች ናቸው። ሲስፕላቲን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ልዩነት አራት ጊዜ ይሰጣል። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ለሚነካው ሰውም አደገኛ ነው። ያለ ጓንት አይነካም። ነፍሰ ጡር ሴት ፈረሱን እንዳትይዝ፣ ጋጣውንም እንዳታጸዳ።

*ቢሲጂ።* የሰው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። ዕጢው ውስጥ ሲወጋ የሰውነት መከላከያን ይቀሰቅሳል። ዓይን ዙሪያ ባሉ ጉብታዎች ላይ ስሙ የወጣ ነው፤ እግር ላይ ግን ያን ያህል አይደለም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጊዜ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ሐኪሙ ቀድሞ መከላከያ ይሰጣል። ይህን መርፌ ራሴ እወጋዋለሁ ብሎ ነገር የለም።

*ክሬም።* ኢሚኩይሞድ የተባለው የሰው ክሬም በሳምንት ሦስት ቀን ለወራት ይቀባል። ቆዳውን ያቆስላል፣ ያሳምማል፣ ፈረሱም እያደር ሰው ሲጠጋው መሸሽ ይጀምራል። ትዕግሥት ይጠይቃል። እንግሊዝ ውስጥ በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የተቀመረ፣ በሐኪም እጅ ብቻ የሚቀባ ጠንካራ ክሬምም አለ። አውሮፓ ውስጥ ፈረስ ላላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ዓይን ዙሪያ ላለው ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያለው የጨረር ሕክምና ነው፤ የሚሰጡት ማዕከላት ግን በየትም አገር ጥቂት ናቸው፣ ዋጋውም ውድ ነው።

ከመስማማታችሁ በፊት ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁ፦ ይህን ሕክምና ከዚህ በፊት ሳርኮይድ ላይ ሠርተው ያውቃሉ? ስንት ጊዜ መመለስ አለብን? ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? ካልሠራ ቀጣዩ ምንድን ነው? የሁለተኛውና የሦስተኛው ቀጠሮ ገንዘብ እጃችሁ ላይ ሳይኖር አትጀምሩ። ይህ ምክር ቀዝቃዛ ይመስላል፤ ግን አንዴ ወግቶ ማቆም ያንኑ የፈራነውን የግማሽ ሕክምና ነው የሚያመጣው።

ጊዜውንም ምረጡ። ቁስል ዝንብ በቀነሰበት ወቅት ቢድን ይሻላል። ብዙ ደጋ ቦታ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ቀዝቃዛና ደረቅ ጊዜ ለዚህ ይመቻል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሱን የምታሰልፉ ከሆናችሁ እዚህ ላይ መጨነቃችሁ አይቀርም። አንድ ዓመት ይቅርበት። የቆሰለ ደረት ላይ ያሸበረቀ ዕቃ መጫን በዓሉንም ያበላሸዋል።

ከሕክምናው በኋላ

ቴታነስን አስቀድሙ። ፈረስ ከቤት እንስሳት ሁሉ ለመንጋጋ ቆልፍ እጅግ ተጋላጭ ነው። ክትባቱን ካልወሰደ ሐኪሙ መከላከያውን ይስጠው።

ክሬም ወይም መርፌ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ቀናት ቦታው ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል። አትደንግጡ። የሞተው ሥጋ በራሱ ሲላቀቅ ይወድቃል። ቅርፊቱን አትላጡት። መብላት ካቆመ፣ ካተኮሰው ወይም እብጠቱ ዓይኑን ከዘጋው ግን ያኔውኑ ደውሉ። የሕመም ማስታገሻ ጠይቁለት፤ ፈረስ ሥቃዩን ስለሚደብቅ ዝም ማለቱ አለመታመሙን አያሳይም።

ማጽጃው ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውሃ አፍሉ፣ ሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ አቀዝቅዙ። በንጹሕ ጨርቅ ወይም በፋሻ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡት። ጨርቁን አቃጥሉት። ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ይህ ቫይረስ ሰውን አያሳምምም፤ ጓንቱ ለቁስሉ ንጽሕናና ከመድኃኒቱ ራሳችሁን ለመጠበቅ ነው።

ማሳከኩ ሲጀምር ፈረሱ ከግንብ ጋር መታከክ ይፈልጋል። ሚስማርና ሻካራ እንጨት ከጋጣው አውጡ።

ዝንብ

የከብት ኪንታሮት ቫይረስ ቅሪት ዝንቦች ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ ዝንብ ቫይረሱን ከላም ወደ ፈረስ፣ ከአንዱ ቁስል ወደ ሌላው ያደርሳል ተብሎ በሰፊው ይታመናል። ዝንብን ማጥፋት አይቻልም። መቀነስ ግን ይቻላል።

ፋንድያውን ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከጋጣው አርቃችሁ ጣሉ። የረጠበ ጉዝጓዝ ቀይሩ። ነካሽ ዝንብ የምትፈለፈለው በበሰበሰ ጭድና በፋንድያ ውስጥ ነው፤ ሞቃት ወቅት ላይ ከእንቁላል እስከ ዝንብ ለመድረስ ጥቂት ሳምንታት ይበቃታል። ያንን ዑደት ከቆረጣችሁ ብዙ ሥራ ሠራችሁ። ግንባሩ ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፍ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከዓይኑ ዝንብ ያባርርለታል። ፀረ-ዝንብ መድኃኒት ቁስሉ ዙሪያ ይቀባል እንጂ ቁስሉ ውስጥ አይገባም።

ኪንታሮት የወጣበት ጥጃ ወይም ላም ካለ ከፈረሱ ጋር በአንድ በረት አታሳድሯቸው። ሌሎች ፈረሶች ካሏችሁ ግን ታማሚውን ብቻውን ማሰር አያስፈልግም። ፈረስ ብቻውን ሲሆን ይጎዳል። ብሩሹንና ኮርቻውን መለየት ይበቃል።

ትንሿን ጭረት ሁሉ በዚያው ቀን አክሙ። የኮርቻ ቁስል፣ የገመድ ልጠት፣ የሽቦ ጭረት፣ የመኮላሸት ቁስል ሁሉም አዲስ ሳርኮይድ የሚገባባቸው በሮች ናቸው።

ሲመለስ

ይመለሳል ብላችሁ ተዘጋጁ። ካልተመለሰ ትርፍ ነው።

ጠባሳውን በየሳምንቱ በጣት ዳስሱት፣ በተለይ ጠርዙን። አብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ስለሆነ ያን ጊዜ አትዘናጉ። ሽምብራ ስታክል ያገኛችኋትን በቀላሉ ማከም ይቻላል። ሎሚ ስታክል ካገኛችኋት ሌላ ነገር ነው።

ካርታችሁን አውጡና አንድ ነገር ለዩ። የወጣው በድሮው ቦታ ነው ወይስ በአዲስ ቦታ? በድሮው ቦታ ከሆነ ሕክምናው ሥሩን አልጨረሰም፤ ያንኑ ሕክምና በዚያው መንገድ መድገም ትርጉም የለውም። ዓይነቱን ቀይሩ ወይም ሁለት አጣምሩ፤ ቆርጦ ማቀዝቀዝ፣ ቆርጦ መውጋት። በአዲስ ቦታ ከሆነ ግን የበፊቱ ሕክምና አልከሸፈም። ፈረሱ ተጋላጭ ስለሆነ ሌላ ወጣበት እንጂ። ይህን ሳይለዩ ጥሩ ሐኪም የሚቀይሩ ብዙ ሰዎች አሉ።

አንዳንድ ጊዜ ውሳኔው «እንተወው» ይሆናል። የማያሳምም፣ የማያድግ፣ ሥራውን የማያውክ ሳርኮይድ ይዞ ዕድሜውን የሚጨርስ ፈረስ ብዙ ነው። ማከም ግዴታ አይደለም። መከታተል ግን ግዴታ ነው።

ሥራ፣ ሽያጭ፣ ዘር

እባጩን ዕቃ ካልነካው ፈረሱ ሊጋለብና ጋሪ ሊጎትት ይችላል። መታጠቂያው ወይም ደረት ላይ የሚያልፈው ማሰሪያ ከነካው ቦታውን ቀይሩ፣ ካልተቻለ አሳርፉት። እየደማ አይሠራም። ከስሩ ጨርቅ መደረብ ለአንድ ቀን ያህል ካልሆነ መፍትሔ አይደለም፤ ማሻሸቱን ይጨምራል።

የምትሸጡት ከሆነ ንገሩ። ጠባሳውን ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው ነገ እደጃችሁ ይመጣል። ብዙ ሳርኮይድ ያለበትን ድንጉላ ወይም ባዝራ ደግሞ ለዘር ባትጠቀሙበት ይሻላል፤ ተጋላጭነቱ ወደ ውርንጭላው ሊሄድ ይችላል።

ስለ ራሳችሁ

ለዓመታት እየተመላለሰ የሚያስቸግር በሽታ ባለቤቱንም ያደክማል። ገንዘብ ያልቃል፣ ተስፋ ያልቃል። «ለፈረስ ይህን ያህል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል ተብለው በፈረሳቸው ስም በተጠሩበት አገር ይህ ጥያቄ ይገርመኛል። መልስ አትስጡት።

ይልቅ የምትችሉትን ወሰን ቀድማችሁ አስቡት። በዓመት ምን ያህል ማውጣት ትችላላችሁ? ማን ያግዛችኋል? ቁስል ማጠቡን ከቤተሰብ ወይም ከባልደራስ ጋር ተከፋፈሉት። ፈረሱም እናንተን ከሥቃይ ጋር ብቻ እንዳያያይዛችሁ ሕክምና በሌለበት ቀንም ሂዱበት፤ ቦርሹት፣ ሣር አብሉት፣ በእግር አንሸራሽሩት።

ይበቃል የሚባልበት ጊዜ

ሳርኮይድ ራሱ እምብዛም አይገድልም። ፈረሱን ለመሞት የሚያደርሰው ከቁጥጥር የወጣ፣ ሌት ተቀን የሚደማ፣ ትል የሚያፈላ፣ መብላት ወይም መራመድ የሚከለክል ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ፈረሱ ደስ የሚሉትን ነገሮች ጻፉ፦ መኖ፣ ከሌሎች ጋር መሆን፣ መንከባለል፣ መሮጥ። አብዛኞቹ ሲቀሩ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

ጉልበቱ ያለቀን ፈረስ አስፋልት ዳር ጥሎ መሄድ በየከተማው እናያለን። ይህን አታድርጉ። ዓመታት ያገለገለ እንስሳ በውሃ ጥምና በመኪና ሊሞት አይገባም። የእንስሳት ሐኪም ያለ ሥቃይ ሊያሳርፈው ይችላል። ዋጋውንና አሠራሩን ቀኑ ሳይደርስ ጠይቁ።

ጉድጓዱን ቀድማችሁ አስቆፍሩ፤ ከላዩ ቢያንስ አንድ ሜትር አፈር እንዲለብስ፣ ከውሃ ጉድጓድና ከምንጭ የራቀ ይሁን። ለማሳረፍ የሚሰጠው ማደንዘዣ ሥጋው ውስጥ ይቆያል። ሬሳው ሜዳ ላይ ከተጣለ የበላው ውሻ፣ ጅብና ጥንብ አንሳ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ቆፋሪዎቹ ሥራቸውን ሳይጨርሱ ከቦታው አትሂዱ።